ጎፒናት ቦርዶሎይ፦ በድምፅ ብልጫ መዋጥን እምቢ ያሉት ሰው

በህንድ ወደ ከፍተኛው የመንግሥት አገልግሎት የሚገባው በፈተና ነው። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ለዚህ ፈተና ይቀመጣሉ። ለእነሱ ተብለው የሚታተሙትን የጠቅላላ ዕውቀት መጻሕፍት የገለጠ ሰው እያንዳንዷን ክፍለ ግዛት በአጭር ጥያቄና በአጭር መልስ ተጠቅልላ ያገኛታል። ስለ ሰሜን ምሥራቋ አሳም የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ስፋቷ ስንት ነው? 78,438 ካሬ ኪሎ ሜትር። ከስንት የህንድ ክፍለ ግዛቶች ጋር ትዋሰናለች? ከሰባት። ከየትኞቹ የውጭ አገሮች ጋርስ? ከቡታንና ከባንግላዴሽ። አቋርጧት የሚያልፈው ታላቅ ወንዝ ማን ይባላል? ብራህማፑትራ። ባለ አንድ ቀንዱ አውራሪስ በብዛት የሚገኝበት ፓርክስ? ካዚራንጋ። ከነፃነት በኋላ የመጀመሪያው የክፍለ ግዛቷ ዋና ሚኒስትር ማን ነበሩ? ጎፒናት ቦርዶሎይ።

ተፈታኙ ይህችን የመጨረሻዋን መልስ በቃሉ ይዞ ያልፋል። እኔ ግን እዚህች መስመር ላይ ጥቂት ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እኚህ ሰው ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የምናውቃት አሳም በህንድ ካርታ ላይ ላትኖር ትችል ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔም ታሪኩን ካገላበጥኩ በኋላ አባባሉን የተጋነነ ሆኖ አላገኘሁትም። ከዚያም በላይ የቦርዶሎይ ሕይወት ብዙ ሕዝቦች በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት አገር ሁሉ የሚነሣውን ከባድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። አነስተኛው ወገን በሌላው የድምፅ ብልጫ እንዳይዋጥ ምን ዋስትና አለው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሃ እስከ ጉዋሃቲ

ቦርዶሎይ የተወለዱት ሰኔ 6 ቀን 1890 በናጋኦን አውራጃ፣ ራሃ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እናታቸውን ያጡት ገና በ12 ዓመታቸው ነበር። ትምህርታቸውን በጉዋሃቲው ኮተን ኮሌጅ ጀምረው፣ ወደ ካልካታ ተሻግረው በስኮቲሽ ቸርች ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በካልካታ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1914 የማስተርስ ዲግሪያቸውን አገኙ። ሕግም አጥንተዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለአጭር ጊዜ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነው ከሠሩ በኋላ በ1917 በጉዋሃቲ የጥብቅና ሥራ ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የአሳም ወጣት ከፍተኛ ትምህርት ሲሻ ወደ ካልካታ መሄድ ነበረበት። ይግባኝ የሚል ባለጉዳይም የሚሄደው ወደ ካልካታ ነው። በአሳም ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አልነበረም። ካልካታ የቤንጋል ዋና ከተማ ናት፤ ቤንጋል ደግሞ ለአሳም ሰዎች ተራ ጎረቤት አልነበረም።

አሳምን ለ600 ዓመታት ያህል ያስተዳደሩት የአሆም ነገሥታት ነበሩ። ከበርማ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1826 በያንዳቦ ውል ሲያበቃ ግዛቱ በእንግሊዞች እጅ ገባ፤ እነሱም ከቤንጋል ጋር አዳብለው ገዙት። ከ1830ዎቹ ጀምሮ እስከ 1873 ድረስ የአሳም ፍርድ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ቋንቋ አሳምኛ ሳይሆን ቤንጋሊኛ ነበር። በ1874 አሳም ራሷን የቻለች ግዛት ስትሆን ቤንጋሊኛ ተናጋሪው የሲልሄት አውራጃ ተቀጠለባት። በ1905 እንደገና ከምሥራቅ ቤንጋል ጋር ተደባለቀች፤ በ1912 ደግሞ ተለያየች። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ የተቆረጠና የተሰፋ አገር ሕዝቡ ስለ ድንበርና ስለ ቋንቋ ስጉ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። ቦርዶሎይ ያደጉት በዚህ ስጋት ውስጥ ነው።

በ1921 የኮንግረስ ፓርቲ የአሳም ቅርንጫፍ ሲቋቋም ቦርዶሎይም ወደ ትግሉ ገቡ። በማህተመ ጋንዲ የተመራውን ያለመተባበር ንቅናቄ ተቀላቅለው ሥራቸውን ተዉ፤ በ1922 ታስረው አንድ ዓመት ተፈረደባቸው። ንቅናቄው ሲቆም ወደ ጥብቅናቸው ተመለሱ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከፖለቲካው ገሸሽ ብለው በጉዋሃቲ ማዘጋጃ ቤት ሥራ ተጠምደው ቆዩ። ለአሳም የራሷ ዩኒቨርሲቲና የራሷ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያስፈልጋታል ብለው መወትወት የጀመሩትም በዚያን ጊዜ ነበር።

አብላጫ የሌለው ሥልጣን

በ1935 በወጣው የህንድ አስተዳደር ሕግ መሠረት ግዛቶች የየራሳቸውን ምክር ቤት መረጡ። በአሳም ምክር ቤት ከነበሩት 108 መቀመጫዎች ውስጥ ትልቁን ድርሻ ያገኘው ኮንግረስ ቢሆንም አብላጫ ግን አልነበረውም። መንግሥት የመሠረቱት ሰር መሐመድ ሳዱላ ነበሩ፤ ቦርዶሎይ የተቃዋሚው ወገን መሪ ሆኑ። ስለዚህ በፈተና መጽሐፉ ጥያቄ ላይ ከነፃነት በኋላ የምትለዋ ቃል በዋዛ የገባች አይደለችም። ከነፃነት በፊት የመጀመሪያው የግዛቱ መሪ፣ በዘመኑ አጠራር ፕሪሚየር፣ ሳዱላ ናቸው።

በመስከረም 1938 የሳዱላ መንግሥት ሲወድቅ ቦርዶሎይ ጥምር መንግሥት ለመመሥረት ተጠየቁ። ከፓርቲያቸው ውስጥ ጥምረቱን የተጠራጠሩ ነበሩ። የያኔው የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሱባስ ቻንድራ ቦስ ግን ግዛቲቱ ዋና ከተማ ድረስ፣ ሺሎንግ፣ መጥተው ደገፏቸው። መንግሥቱ የቆየው ከአንድ ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ግን ለቅኝ ገዢው መንግሥት ጥሩ ገቢ ያስገባ በነበረው፣ የገበሬውን ቤት ግን ባራቆተው በኦፒየም ሱስ ላይ ዘመቻ ከፍተዋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እንግሊዝ ህንዳውያንን ሳታማክር አገሪቱን ጦርነት ውስጥ ስላስገባች በኅዳር 1939 የኮንግረስ መንግሥታት በሙሉ ሥልጣን ለቀቁ፤ ቦርዶሎይም ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው እስር ቤት ነው። በ1940 መጨረሻ ታሰሩ፤ ጤናቸው ስለታወከ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ተለቀቁ። በነሐሴ 1942 እንግሊዞች ህንድን ለቅቀው እንዲወጡ የሚጠይቀው ንቅናቄ ሲጀመር እንደገና ታሰሩ፤ የወጡት በ1944 ነው። እስር ቤት ሆነው መጻሕፍት ጽፈዋል። ከጻፏቸው መካከል የራማ፣ የቡድሃና የነቢዩ መሐመድ የሕይወት ታሪኮች ይገኙበታል። አገሩ በሃይማኖት ሊሰነጠቅ በተቃረበበት ወቅት አንድ የሂንዱ ፖለቲከኛ በእስር ቤት ተቀምጦ እነዚህን ሦስት ሕይወቶች ጎን ለጎን መጻፉ ስለ ሰውዬው ጠባይ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል።

አሥር ወንበር ከስልሳ ወንበር ጋር

በ1946 መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ ኮንግረስ በአሳም አሸነፈ፤ ቦርዶሎይ በየካቲት ወር መንግሥት መሠረቱ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 16 ቀን 1946፣ ከለንደን የመጣው የካቢኔ ልዑክ የህንድን የወደፊት ዕጣ የሚወስን ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ ህንድ እንዳትከፈል ታስቦ የተነደፈ ነበር። ማዕከላዊው መንግሥት ደካማ ይሆናል፤ ግዛቶች ደግሞ በሦስት ምድብ ይቧደናሉ። በምድብ ሀ ሂንዱዎች የሚበዙባቸው ግዛቶች፣ በምድብ ለ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ በምድብ ሐ ደግሞ ቤንጋልና አሳም ይገባሉ።

ነገሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ውጤቱ የሚታየው ቁጥሩ ሲቆጠር ነው። ሕገ መንግሥት በሚያረቅቀው ጉባኤ ቤንጋል 60 ወንበር፣ አሳም 10 ወንበር ተመደበላቸው። ከጠቅላላው 70 ወንበር ውስጥ 36ቱ ለሙስሊሞች፣ 34ቱ ለሌሎች የተያዙ ናቸው። የምድቡ አባላት ተሰብስበው የምድቡን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ግዛት ሕገ መንግሥት በአብላጫ ድምፅ ይወስናሉ። በሌላ አነጋገር የአሳም ሕገ መንግሥት አሥር የአሳም ተወካዮች ባሉበት፣ ነገር ግን ስልሳ የቤንጋል ሰዎች በሚወስኑበት አዳራሽ ይጻፋል ማለት ነው።

ያልወደደ ግዛት ከምድቡ መውጣት ይችላል የሚል አንቀጽ ነበረ። መውጣት የሚቻለው ግን በአዲሱ ሕገ መንግሥት መሠረት የመጀመሪያው ምርጫ ከተካሄደ በኋላ ነው። ማን እንደሚመርጥና የምርጫ ክልሉ እንዴት እንደሚቆረጥ የሚወስነውም ያው የምድቡ ጉባኤ ነው። ጠበቃው ቦርዶሎይ ወጥመዱን ወዲያው አዩት። በሩ ክፍት ነው ተብሎ ቁልፉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ችግሩ ከእንግሊዞች ጋር ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። የሙስሊም ሊግ መሪው መሐመድ አሊ ጂናህ የምድቡን አሠራር የዕቅዱ ምሰሶ አድርገው ያዙት። የኮንግረስ ታላላቅ መሪዎች ደግሞ ሥልጣን ርክክቡ እንዳይደናቀፍ ይሳሱ ስለነበር ለአንዲት የዳር አገር ግዛት ሲባል ድርድሩ እንዲፈርስ አልፈለጉም። ቦርዶሎይ ዴልሂ ድረስ እየተመላለሱ አቤት አሉ። በሐምሌ 1946 የአሳም ምክር ቤት አሥሩ ተወካዮች በምድቡ ስብሰባ ላይ እንዳይቀመጡ የሚያዝዝ ውሳኔ አሳለፈ።

ታኅሣሥ 6 ቀን 1946 የእንግሊዝ መንግሥት የምድቦቹ ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ መሆኑን በመግለጫ አረጋገጠ። የኮንግረስ አመራር ወዴት እንደሚያዘነብል የጠረጠሩት ቦርዶሎይ በዚያው ወር ሁለት ባልደረቦቻቸውን ወደ ጋንዲ ላኩ። ጋንዲ በዚያን ጊዜ የሃይማኖት ግጭት ባመሳት ኖዋኻሊ ውስጥ በስሪራምፑር መንደር ነበሩ። የሰጧቸው ምክር አሻሚ አልነበረም። የኮንግረስ አመራር ሌላ ቢልም እንኳ አሳም ተቃውሞዋን አሰምታ ከምድቡ ትውጣ፣ የራሷንም ሕገ መንግሥት ራሷ ታርቅቅ አሉ። ለነፃነት የሚታገል ድርጅት የገዛ አባሉን ያለ ፈቃዱ ሊያስገድደው አይገባም የሚል ነው የነገሩ ፍሬ።

በጥር 1947 የኮንግረስ ጉባኤ የእንግሊዝን መግለጫ ተቀበለ፤ ሆኖም ማንኛውም ግዛት ያለ ፈቃዱ እንዳይገደድ የሚል ማለዘቢያ አስገባበት። ሙስሊም ሊግ ከጉባኤው እንደራቀ ቀረ፤ የምድቡ ዕቅድም ሞተ። ሰኔ 3 ቀን 1947 የመጨረሻው እንደራሴ ሎርድ ማውንትባተን ህንድና ፓኪስታን ሁለት አገር እንደሚሆኑ አስታወቁ። አሳም በህንድ ውስጥ ቀረች።

እዚህ ላይ ለሌላው ወገን ክርክርም ፍትሕ መስጠት ያሻል። የምድቡ ዕቅድ ህንድን ሳይከፍሉ ለማቆየት የተደረገ የመጨረሻው ከባድ ሙከራ ነበር። የከሸፈበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን የአሳም እምቢታ ነው። ከዚያ በኋላ በክፍፍሉ የፈሰሰውን ደም የሚያስብ ሰው፣ የአሳም አቋም ያን ያህል ዋጋ የሚገባው ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የእኔ አስተያየት ግን የአንድነት ዕቅድ ሆኖ አነስተኛውን ወገን ሳያስፈቅድ የሚሠራ ከሆነ ስንጥቁን ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም የሚል ነው።

የሲልሄት ሒሳብ

ድሉ ሙሉ አልነበረም። ቤንጋሊኛ ተናጋሪና ሙስሊም የሚበዛበት የሲልሄት አውራጃ በየትኛው ወገን እንደሚሆን በሕዝበ ውሳኔ እንዲወሰን ተደረገ። ሐምሌ 6 እና 7 ቀን 1947 በተሰጠው ድምፅ 239,619 ሰዎች ከምሥራቅ ቤንጋል ጋር መሆንን፣ 184,041 ሰዎች ደግሞ በአሳም መቆየትን መረጡ። ከካሪምጋንጅ አካባቢ ከተረፈው ቁራጭ በቀር ሲልሄት ወደ ፓኪስታን ሄደ።

የቦርዶሎይ ወዳጆች ይህን ምዕራፍ ፈጠን ብለው ያልፉታል። እውነቱ ግን የብራህማፑትራ ሸለቆ ፖለቲከኞች ለሲልሄት ብዙም አላለቀሱም። ሲልሄት ሲሄድ በምክር ቤቱ ውስጥ የአሳምኛ ተናጋሪው ክብደት ይጨምራልና። በአሳም መቆየትን የመረጡት የሲልሄት ሂንዱዎች ግን በአንድ ሌሊት የሌላ አገር ሰዎች ሆኑ፤ ብዙዎቹ ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። እንደዚሁም የቦርዶሎይ መንግሥት ለግጦሽ በተከለሉ መሬቶች ላይ የሰፈሩ ከምሥራቅ ቤንጋል የመጡ ድሃ ገበሬዎችን አስነሥቷል። ሕግ የማስከበር እርምጃ ተብሎ የተወሰደ ነው፤ ለተነሣው ገበሬ ግን ቤትና ማሳ ማጣት ነበር።

ክፍፍሉ አሳምን ከቀረው ህንድ ጋር የሚያገናኛትን መንገድም በጠሰው። የባቡር ሐዲዱ የሚያልፍበት ምድር ፓኪስታን ሆነ። የቀረው መተላለፊያ በጠባቡ ቦታ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይሰፋው፣ ከቅርጹ የተነሣ የዶሮ አንገት የሚሉት የሲሊጉሪ ሰርጥ ነው። በዚያ በኩል አዲስ ሐዲድ ተዘርግቶ ሥራ የጀመረው በ1950 መጀመሪያ ነው። አሳም ወደ ምሥራቅ ፓኪስታን ገብታ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያሉት ናጋላንድ፣ ማኒፑር፣ ሚዞራምና የዛሬው አሩናቻል ፕራዴሽ በህንድ ውስጥ የመቆየታቸው ነገር አጠራጣሪ በሆነ ነበር።

የተራራው ሕዝቦች

ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው የቦርዶሎይ ሥራ ብዙ ያልተዘፈነለት ነው። በ1947 ሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ በሰሜን ምሥራቅ ተራሮች ስለሚኖሩት ሕዝቦች አስተዳደር የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ አቋቁሞ ሰብሳቢነቱን ለቦርዶሎይ ሰጠ። ከአባላቱ አንዱ ካሲው ቄስና ፖለቲከኛ ኒኮልስ ሮይ ነበሩ። ኮሚቴው ተራሮቹን እየዞረ የናጋ፣ የሉሻይ፣ የካሲ፣ የጋሮና የሌሎችንም ተወካዮች አነጋግሮ በሐምሌ 1947 ሪፖርቱን አቀረበ።

የተራራው ሰዎች ለቦርዶሎይ የነገሯቸው ቦርዶሎይ ራሳቸው ለዴልሂ ሲናገሩት የነበረውን ነው። እነሱ የሚፈሩት የሜዳው አሳሞች በቁጥር ብልጫ መሬታቸውን፣ ቋንቋቸውንና ወጋቸውን እንዳይውጡባቸው ነበር። ትናንት በቤንጋል ላይ የቀረበው ክስ ዛሬ በአሳም ላይ ቀረበ። እንዲህ ያለ ፈተና የደረሰበት ፖለቲከኛ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ክርክር ይረሳል። ቦርዶሎይ አልረሱትም።

የኮሚቴው ሐሳብ በህንድ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስድስተኛው ሠንጠረዥ የሚባለው ክፍል መሠረት ሆነ። በዚህ መሠረት የተራራ አውራጃዎች የራሳቸውን የአውራጃ ምክር ቤት ይመርጣሉ። ምክር ቤቱ ስለ መሬት አጠቃቀም፣ ካልተከለለ ደን ስለሚገኝ ጥቅም፣ ስለ ፈረቃ እርሻ፣ ስለ መንደር አስተዳደር፣ ስለ ውርስና ስለ ጋብቻ ሕግ ያወጣል፤ የራሱን ፍርድ ቤት ያቋቁማል፤ ግብር ይሰበስባል። በ1949 ጉዳዩ ለጉባኤው ሲቀርብ አገር ያፈራርሳል ብለው ከተቃወሙት መካከል የአሳም ተወካዮች ጭምር ነበሩበት። ኒኮልስ ሮይና የአርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር አምቤድካር ተሟግተው ሐሳቡ ጸደቀ። ይህ ሥርዓት ዛሬም በአሳም፣ በሜጋላያ፣ በሚዞራምና በትሪፑራ ይሠራል።

መፍትሔው ሁሉንም አላጠገበም። በአንጋሚ ዛፑ ፊዞ የተመራው የናጋ ንቅናቄ የአውራጃ ምክር ቤት አይበቃንም፣ የምንፈልገው ነፃነት ነው ብሎ ሠንጠረዡን ገፋው፤ ግጭቱም ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። በ1960 የአሳም ምክር ቤት አሳምኛን የክፍለ ግዛቷ የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ ደግሞ ሌሎቹም ተራሮች ሸፈቱ። ናጋላንድ በ1963፣ ሜጋላያ በ1972 ራሳቸውን የቻሉ ክፍለ ግዛቶች ሆኑ፤ በ1972 የተለየችው ሚዞራምም በ1987 ክፍለ ግዛት ሆነች። ተተኪዎቻቸው የቦርዶሎይን ጥንቃቄ ቢከተሉ ኖሮ አሳም ይህን ያህል ትጠብ ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት

ከነፃነት በኋላ ቦርዶሎይ የወጣትነት ምኞታቸውን ለመፈጸም ተቻኮሉ። በኅዳር 1947 በዲብሩጋር የሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ። በጥር 1948 የጉዋሃቲ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። ሚያዝያ 5 ቀን 1948 የአሳም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች ተከተሉ፤ የሬዲዮ ጣቢያም ተከፈተ። ከእንግዲህ የአሳም ተማሪም ሆነ ይግባኝ ባይ ካልካታ መሄድ አላስፈለገውም።

በሌላ በኩል ከምሥራቅ ፓኪስታን የሚጎርፉት ስደተኞች እረፍት ነሷቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ አሳም ተጨማሪ ስደተኞችን እንድታሰፍር ይወተውታሉ፤ ቦርዶሎይ ለራሳችን መሬት የለሾችም መሬት አጣን ይላሉ። በ1950 መጀመሪያ ድንበሩ በወዲህም በወዲያም በሃይማኖት ግጭት ታመሰ፤ ከአሳምም ብዙ ሙስሊሞች ሸሹ። ነገሩ የረገበው በሚያዝያ ወር የህንድና የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትሮች ስለ አናሳ ወገኖች ጥበቃ ከተፈራረሙ በኋላ ነው።

ነሐሴ 5 ቀን 1950 ቦርዶሎይ በልብ ድካም ሞቱ። ዕድሜያቸው 60 ነበር። በአሥረኛው ቀን፣ ነሐሴ 15፣ የህንድ የነፃነት በዓል በሚከበርበት ምሽት፣ በሬክተር መለኪያ 8.6 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ አሳምን መታት። ተራሮች ተናዱ፤ የብራህማፑትራ አልጋ በደለል ከፍ አለ፤ መንደሮች በጎርፍ ተወሰዱ። አገሬው በአሥር ቀን ውስጥ መሪውንም ምድሩንም አጣ።

ሕዝቡ ሎክፕሪያ ይላቸዋል፤ በሕዝብ የተወደደ ማለት ነው። የጉዋሃቲ አውሮፕላን ማረፊያም በዚሁ ስም ይጠራል። የህንድ መንግሥት ግን የአገሪቱን ከፍተኛ ሽልማት፣ ባራት ራትናን፣ የሰጣቸው በሞቱ በ49 ዓመት፣ በ1999 ነው። የዳር አገር ሰው ውለታ ወደ መሐል ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል።

የተዉት ጥያቄ ግን አሁንም እልባት አላገኘም። ማን አሳማዊ ነው፣ ማን ስደተኛ ነው የሚለው ክርክር በ1985 ስምምነት ቢፈረምበትም አልተቋጨም። በነሐሴ 2019 የወጣው የዜጎች መዝገብ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከዝርዝሩ ውጭ አድርጓል። ቦርዶሎይ አሳምን ከመዋጥ አድነዋል። የዳነው ወገን በተራው በውስጡ ያሉትን እንዳይውጥ ማድረግ ግን በየትውልዱ እንደ አዲስ የሚጀመር ሥራ ነው። እሳቸው የተራራውን ሰው ለመስማት ወጡ፤ የሲልሄትን ሰው ግን በቅጡ አልሰሙትም። እኔ ሁለቱንም ነገሮች አብሬ ማስታወስ እመርጣለሁ፤ ትልቅነታቸውም ጉድለታቸውም የሚታየው በአንድነት ሲነበቡ ነውና።